ሽማግሌ የማይሰማበት አገር

የዛሬው የፊልም ገጻችን ትንሽ ረዘም ይላል፤ ምክንያቱም ፊልሙን ካየን በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ስንጨቃጨቅበት ስለቆየን ነው።

በመማሪያ ክፍላችን በር ላይ «ቅዳሜ ካውቦይ ፊልም አለ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ስናይ ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ነበር። ከመካከላችን ዕድሜያቸው ገፋ ያለው አዲስ አበባ ሲኒማ ራስና ሲኒማ ኢትዮጵያ ተሰልፈው፣ ትኬት ቆርጠው፣ ጃንጎንና ትሪኒቲን ያዩ ናቸው። በእነዚያ ፊልሞች ፈረስ አለ፣ ባርኔጣ አለ፣ ክፉው ሰው በመጨረሻ አቧራ ላይ ይዘረራል፣ ተመልካቹም አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ወረቀቱን የለጠፈው ልጅ አልዋሸም። ባርኔጣውም ነበረ፣ በረሃውም ነበረ፣ ፈረስም በመጠኑ አይተናል። ግን ፊልሙ ሲያልቅ ማንም አላጨበጨበም። እንዲያውም ያለቀ ስላልመሰለን መብራቱ እስኪበራ ድረስ ጨለማ ውስጥ ዝም ብለን ተቀምጠን ነበር።

ፊልሙ «ኖ ካንትሪ ፎር ኦልድ ሜን» ይባላል። ጆኤልና ኢታን ኮኤን የተባሉት ወንድማማቾች፣ ኮርማክ ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ2005 ካሳተመው ልብ ወለድ ወስደው የሠሩት ነው። በ2007 ለሕዝብ ቀረበ፤ በ2008 ደግሞ ምርጥ ፊልም ተብሎ የተሸለመበትን ጨምሮ አራት ኦስካር ወሰደ። ዛሬ አዲስ ፊልም አይደለም። እኛ ዘንድ ግን ፊልም ቶሎ አያረጅም፤ ዲስኩ ተጫጭሮ እምቢ እስኪል ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

ጭቅጭቁ የጀመረው ገና ከርዕሱ ነው። የእንግሊዝኛ ክፍላችን ርዕሱን ወደ አማርኛ መልሱ የሚል የቤት ሥራ ተሰጥቶት ነበርና አንዱ «ለአሮጌ ሰዎች የማይሆን አገር» አለ፤ ሌላው «አሮጌ» ለዕቃ ነው እንጂ ለሰው አይባልም ብሎ «ለአዛውንት» አደረገው። ሦስተኛዋ «ለሽማግሌ የማይሆን አገር» ብላ ጽፋ መጣች። አስተማሪያችን ኡጋንዳዊ ስለሆነ ሦስቱም ልክ ነው ብሎን አለፈ። እኛ ግን ማለፍ አልቻልንም። ሽማግሌ በእኛ ቋንቋ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ብቻ አይደለም። የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ለጋብቻ የሚላክ፣ ደም የሚያደርቅ ሰውም ሽማግሌ ነው። የሠላሳ ዓመት ጎልማሳም ሽማግሌ ሆኖ ሊላክ ይችላል። በእንግሊዝኛው ቃል ውስጥ ይህ ሁሉ የለም። ስለዚህ ትርጉሙ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስሕተት ነው። ነገር ግን ፊልሙን ቁልጭ አድርጎ ያሳየን ይኸው ስሕተት ነው፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ታሪኩ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ1980 ምዕራብ ቴክሳስ ውስጥ፣ ሜክሲኮ ድንበር አጠገብ ነው። ልዌሊን ሞስ የሚባል በያጅ፣ ቬትናም ዘምቶ የተመለሰ ሰው፣ ለአደን በወጣበት በረሃ ላይ የዕፅ ነጋዴዎች እርስ በርስ ተላልቀው ያገኛል። ሬሳው፣ መኪናው፣ የሞተው ውሻ ሳይቀር ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። አንዱ መኪና ውስጥ ግን ነፍሱ ያልወጣች ሰው አለ። በስፓኒሽ ውሃ ይለምናል። ሞስ ውሃ የለኝም ብሎት ያልፋል። ትንሽ ራቅ ብሎ ዛፍ ሥር ሌላ ሬሳ ያገኛል፤ አጠገቡ ሁለት ሚሊዮን ዶላር የተሞላ ሻንጣ። ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ሞስ ነበርን። «ብሩን አትንካ» ያለ ከመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም፤ ምን እንዋሻለን!

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለው። ተነሣ፣ ውሃ ቀዳ፣ ሚስቱን ሞኝ ነገር ልሠራ ነው ብሎ ተሰናብቶ ተመልሶ ሄደ። የተጠማው ሰው ተገድሎ ጠበቀው። የብሩ ባለቤቶችም በጨለማው ደረሱበት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አዳኙ ሰው ታዳኝ ሆነ።

ክፍሉ እዚህ ላይ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ምን ያለ ቂል ነው!» አለ። ግማሹ ደግሞ እስካሁን የሰው ሥራ የሠራው አሁን ብቻ ነው አለ። ብር ሲወስድ ማንም አላየውም፤ ውሃ ሲወስድ ተያዘ። የተጠማን ውሃ መንፈግ እኛ አገር ምን ያህል ነውር እንደሆነ ለማንም አይነገርም። ታዲያ ይህ ፊልም ርኅራኄ ሞኝነት ነው እያለን ነው?

ከመካከላችን ሁለቱ ፊልሙን ከዚህ በፊት ካትዌ ውስጥ ቪዲዮ ቤት አይተውት ነበርና የነገሩን ነገር ክርክሩን ሌላ ቦታ ወሰደው። ናኪቫሌ ያላችሁና ካምፓላን የማታውቁ ካላችሁ፣ ቪዲዮ ቤት ኪባንዳ የሚሉት ነው፦ የሳንቃ አግዳሚ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ውጭ በጠመኔ የተጻፈ የፊልም ስም። ዋናው ግን ቪጄው ነው። ቪጄ ማይክራፎን ይዞ ፊልሙ እየታየ በሉጋንዳ የሚተረጉም ሰው ነው፤ እንደ ቪጄ ጂንጎ ያሉት ከተዋናዮቹ በላይ ዝና አላቸው። መተርጎም ስንል ደግሞ የሚነገረውን ብቻ አይደለም። ይቀልዳል፣ ያስጠነቅቃል፣ ለሰዎቹ አዲስ ስም ያወጣላቸዋል። በዚህ ፊልም ውስጥ ሙዚቃ የለም ማለት ይቻላል፤ ለረጅም ደቂቃ የሚሰማው ነፋስና የጫማ ድምፅ ነው። ቪጄው ያንን ዝምታ ሁሉ በወሬ ሞልቶት አረፈው አሉን። እና ገዳዩን ሰውዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «ዋሉምቤ» እያለ ነበር የሚጠራው።

ዋሉምቤ ማን እንደሆነ አናውቅም ነበር። ጠየቅን። በባጋንዳ ጥንታዊ ተረት የመጀመሪያው ሰው ኪንቱ የሰማዩን ጌታ የጉሉን ልጅ ናምቢን ያገባል። ጉሉ ልጁን ሲሸኝ «ቶሎ ሂዱ፤ የረሳችሁት ነገር ቢኖር እንኳ አትመለሱ፤ ወንድምሽ ዋሉምቤ ያያችኋል» ይላቸዋል። መንገድ ላይ የዶሮዋ ዳጉሳ መረሳቱ ትዝ አላቸው። በአንዳንዱ አተራረክ ናምቢ ናት የተመለሰችው፣ በሌላው ኪንቱ። ብቻ ተመለሱ። ዋሉምቤም አያቸውና ተከትሏቸው ወደ ምድር ወረደ። ዋሉምቤ ሞት ነው።

ለዳጉሳ ብሎ የተመለሰ፣ ለውሃ ብሎ የተመለሰ። የካትዌ ተመልካች ሞስ ውሃ ይዞ ሲነሣ ገና ከሩቁ «አትመለስ!» ብሎ ጮኸ አሉ። እኛም የሎጥን ሚስት አስታወስን። ከዚያ አንዳችን «መታወቂያዬን ረስቼ ከመንገድ የተመለስኩ ጊዜ…» ብሎ ጀመረና ተወው። ማንም ጨርስ አላለውም። እዚህ ክፍል ውስጥ የተመለሰ ሰው ታሪክ የሌለው የለም፤ ለእናቱ፣ ለወረቀት፣ ለልጅ ጫማ።

ሆኖም ፊልሙን ሁለተኛ ጊዜ ስናየው አንድ ነገር አስተዋልን። ብሩ መካከል ምልክት የሚልክ ትንሽ መሣሪያ ተደብቋል። ገዳዩ ሞስን ያሉበት ሆቴሎች ድረስ የሚከተለው በዚያ ድምፅ ነው። ስለዚህ ሞስ ውሃውን ባይወስድ፣ እቤቱ ለጥ ብሎ ቢያድር ኖሮም ዋሉምቤ መምጣቱ አይቀርም ነበር። ሞትን ወደ ቤቱ ያስገባው ሻንጣው ነው። ውሃው ያደረገው አንድ ነገር ቢኖር ሞስ ቀድሞ እንዲያውቅና እንዲሸሽ፣ ሚስቱንም በጊዜ ከቤት እንዲያወጣ ነው። ይህን ፊልሙ በአፉ አይናገረውም። ቂል ነው ብለው የነበሩት ወገኖች ይህን ስንነግራቸው ለጊዜው ዝም አሉ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አላመኑም።

አሁን ወደ ገዳዩ። አንቶን ሺጉር ይባላል፤ የተጫወተው ስፔናዊው ሃቪየር ባርደም ነው። የያዘው መሣሪያ ቄራ ውስጥ ከብት ማደንዘዣ የሚሆን፣ በአየር ግፊት ግንባር የሚበሳ ነገር ነው። አንዱን መንገደኛ አስቁሞ በትሕትና «እባክህ ቀጥ ብለህ ቁም» ብሎት ነው እንደ በሬ የሚጥለው። ብዙዎቻችን ያልቻልነው ይህንን ነው፤ ደሙን ሳይሆን ትሕትናውን።

ከሁሉም ግን የቤንዚን ማደያው ትዕይንት ይበልጣል። በዚያ ትዕይንት ጥይት የለም፣ ጥፊ የለም። ሺጉር ቤንዚን ቀድቶ ሒሳብ ሊከፍል ይገባል። ባለሱቁ ሽማግሌ እንደማንኛውም ሰው ስለ አየሩ፣ ስለ መንገዱ ያወራዋል። እኛ አገር ቢሆን «ከወዴት ነህ ወንድሜ?» እንደሚባለው ዓይነት ነው። ሺጉር እያንዳንዷን ቃል ይዞ ያፋጥጠዋል። ከዚያ ሳንቲም አውጥቶ ይወረውራል፦ ዘውድ ወይስ ጎፈር? ሰውዬው ምን እንዳስያዘ እንኳ አያውቅም። ደጋግሞ ይጠይቃል፤ ሺጉር አይነግረውም። እኛ እናውቃለን። ወንበር ላይ ያለው ሰው ሁሉ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ነበር። ሰውዬው ዘውድ አለ፤ ዘውድ ሆነ። ተረፈ። ለምን እንደተረፈ ግን አያውቅም፣ ከምን እንደተረፈም አያውቅም። ከመካከላችን አንዱ «እኔ ራሴ ስንት ቀን እንዲህ ተርፌ ይሆናል!» አለ።

እንግዲህ ወደ ሽማግሌው ጉዳይ እንመለስ። ሺጉር ፊት የቀረበ ሁሉ የሚናገረው አንድ ነው፦ ይህን ማድረግ የለብህም። ካርሰን ዌልስ የተባለው፣ በብር የተቀጠረው ሰው፣ ሆቴል ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ብር እሰጥሃለሁ እያለ ይለምነዋል። ሺጉር ደግሞ ሰው ሁሉ ይህንኑ ይላል ብሎ ይገረማል። እኛን ያስደነገጠን ምን መሰላችሁ? ይህ ሰውዬ ሽማግሌ የማይላክበት ሰው መሆኑ ነው። እኛ ዘንድ ጠበኛ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነው?» ነው። አባቱ ይፈለጋል፣ የነፍስ አባቱ ይፈለጋል፣ የክርስትና አባቱ፣ የእናቱ ወንድም፣ ብቻ እሱ ዓይኑን አይቶ የሚያፍረው አንድ ሰው ይፈለጋል። ሺጉር የማን ልጅ እንደሆነ ፊልሙ አይነግረንም። አገሩ አይታወቅም፣ አነጋገሩም የየት እንደሆነ አይለይም። የሚያፍረው ሰው የለውም። እንግዲህ ማን ይላካል?

ሕግ አስከባሪው ኤድ ቶም ቤል (ቶሚ ሊ ጆንስ) በዕድሜ ሽማግሌ ነው። ሸሪፍ ነው፣ አባቱም ሸሪፍ ነበር። በነገራችን ላይ የወሎዋ እህታችን «ሸሪፍ» የሚለውን ስትሰማ ለካስ የነቢዩ ዘር ነው ብላ ስትጠብቅ ኖራለች፤ ሽጉጥ ሲታጠቅ አይታ ሳቋ ከወንበር ሊጥላት ነበር። ቤል ሽማግሌ ይሁን እንጂ ሽምግልና የለውም። ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል። ወተቱ ከነላቡ ጠረጴዛ ላይ አለ፣ ሰውዬው ግን ሄዷል። ቤል ተቀምጦ ያንኑ ወተት ይጠጣል፣ ድሮ እንዲህ አልነበረም ይላል።

ይህ ፊልም የወጣበት ዓመት ላይ ቆም አልን። በዚያው በ2007፣ በእኛ ሐምሌ 1999 ማለት ነው፣ በምርጫ 97 ማግስት የታሰሩት የቅንጅት መሪዎች በፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ የሚመሩት ሽማግሌዎች መካከል ገብተው ከእስር ወጥተዋል። በዚያው ዓመት በኡጋንዳ መንግሥትና በኤልአርኤ መካከል ጁባ ላይ ድርድር ነበር፤ የአቾሊ ሽማግሌዎች ገዳይና የሟች ወገን መራራ ሥር በአንድ ቅል ጠጥተው የሚታረቁበትን ማቶ ኦፑት ይዘው ቆመው ነበር። ኮኒ በ2008 አልፈርምም አለ። በሰኔ 2012 ደግሞ ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ከአዲስ አበባ መቀሌ ድረስ ሄደው ነበር። በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ተነሣ። ማን ጥፋተኛ ነው የሚለውን የፊልም ገጽ ላይ አንጨቃጨቅበትም፤ በየቡናው ላይ በቂ አለን። ለማለት የፈለግነው አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ አይሰማም። ሁሌም የሚላክ ሰው ግን ነበር። በኮኤኖች ቴክሳስ ውስጥ የሚላክ ሰው እንኳ የለም።

ፊልሙ ግን ከቤል ይበልጣል። ወደ መጨረሻው ቤል ኤሊስ የሚባል፣ በጥይት ተመትቶ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የቀረ አጎቱ ዘንድ ይሄዳል። ቤቱ ድመት የሞላበት፣ ቡናው የከረመ ነው። ቤል ዘመኑ ከፋ እያለ ሲያማርር ኤሊስ በ1909 አንድ ዘመዳቸው በገዛ ደጃፉ፣ በረንዳው ላይ እንዴት እንደተገደለ ይተርክለታል። ማለትም አዲስ ነገር የለም፤ ይህ አገር ድሮም እንዲሁ ነው፤ ሁሉም እኔን ይጠብቀኛል ማለት ከንቱ ውዳሴ ነው ይለዋል። ይህ ንግግር እኛንም ነካን። እኛም ካባላጋላ ቡና ላይ ተቀምጠን «ድሮ ሽማግሌ ነጠላውን ዘርግቶ መሀል ከገባ ጦር ይቆም ነበር» ማለት እንወዳለን። አንዳንዴ ይቆም ነበር። ሁልጊዜ ቢቆም ኖሮ ያን ያህል የፉከራና የቀረርቶ ግጥም ከየት መጣ?

ስለ ድንበሩ ሳንናገር አናልፍም። ሞስ ቆስሎ፣ ደሙ እየፈሰሰ በድልድዩ ወደ ሜክሲኮ ይሻገራል። ሦስት ወጣት አሜሪካውያን ያገኛል፤ አንዱን ኮትህን ሽጥልኝ ብሎ አምስት መቶ ዶላር ይሰጠዋል። የያዙትን ቢራም ሲጠይቃቸው አንደኛው ስንት ትከፍላለህ ይላል። የመኪና አደጋ ደርሶብህ ነው ወይ ይሉታል፤ አዎ ይላቸዋል፤ አምነውት ግን አይመስልም። ሲመለስ ደግሞ የሆስፒታል ቀሚስ ለብሶ፣ በእግሩ ቦት አድርጎ ድንበር ጠባቂው ፊት ይቆማል። ጠባቂው ማን እንደሚገባ የሚወስነው ማን ይመስልሃል ይለዋል። ሞስ አንተ ነህ ይላል። ሰውዬው ሊመልሰው ነበር። ቬትናም መዝመቱን፣ የትኛው ክፍል ውስጥ እንደነበር ጠየቀው፤ መለሰ፤ አሳለፈው።

ክፍሉ በሳቅ ሞተ። ፊልሙ ውስጥ ሌላ ቦታ እንዲያ አልሳቅንም፤ አሜሪካውያን ተመልካቾች እዚህ ላይ የሚስቁ አይመስለንም። ከመካከላችን አንድ መስኮት ፊት ቆሞ ትክክለኛዋ መልስ የትኛዋ እንደሆነች ያልገመተ ሰው የለም። ሞስ ግን ሲገምት አላየንም፤ እውነቱን ተናገረ፣ ደግነቱ እውነቱ ትክክለኛ መልስ ሆና ተገኘች። ዘውድ ወይስ ጎፈር! ይህ ትዕይንት ከቤንዚን ማደያው ጋር አንድ ነው ያለው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪያችን ልክ ነው፤ የእሱን ሐሳብ ነው እዚህ የጻፍነው።

ከዚያ ሞስ ይሞታል። እንዴት እንደሞተ ግን አናይም። ያን ያህል ጊዜ የተከተልነው ሰው ከካሜራ ውጭ ይገደላል፤ ቤል ሲደርስ ሬሳው የሆቴል ወለል ላይ ነው። የገደሉትም ሺጉር ሳይሆን ሜክሲኮዎቹ ናቸው። ካትዌ እዚህ ላይ ሰው ተነሥቶ «ተቆርጧል! ዲስኩ ጎድሏል! ገንዘባችንን መልሱ!» አለ ነው የሚሉት። እኛ ክፍል ውስጥም ወደ ኋላ መልሱት ያለ ነበር።

ነገሩ እኮ በካምፓላ አዲስ አይደለም። እዚሁ ዋካሊጋ ሰፈር አይዛክ ናብዋና እ.ኤ.አ. በ2010 የሠራውን «ሁ ኪልድ ካፕቴን አሌክስ» ያላየ ጥቂት ነው። ከሁለት መቶ ዶላር አልበለጠም በተባለ ወጪ የተሠራ፣ ሄሊኮፕተሩ በኮምፒውተር የተለጠፈ፣ ጥይቱ እንደ ዝናብ የሚወርድ ፊልም። እዚያም ካፕቴን አሌክስ ከካሜራ ውጭ ነው የሚሞተው፤ ማን እንደገደለውም ፊልሙ እስኪያልቅ አይታወቅም! ያንን ግን ማንም አልተቆጣም። ለምን? ቪጄ ኤሚ ከጎናችን ሆኖ ይስቃል፣ ያበረታታል፣ ተኩሱም ጨዋታ ነው። የኮኤኖቹ ፊልም ብቻህን ይተውሃል። ደግሞም የቅርብ ሰው ሞት እንደዚያ ነው፤ ሲሆን አታየውም፤ በስልክ ትሰማለህ። ይህን ያለው መልሱት ብሎ የጮኸው ራሱ ሰውዬ ነው፤ ሳምንት ቆይቶ ግን ነው።

ፊልሙን አድንቀን ብቻ አንጨርስም። ሜክሲኮዎቹ ስም የላቸውም። ውሃ የለመነው ሰው፣ ታሪኩን ሁሉ ያንቀሳቀሰው ሰው፣ ስሙ ምን ነበር? ከየት መንደር መጣ? ካሜራው ሬሳቸውን እንደ ወደቀ ቆርቆሮ ያልፈዋል። ቤል ስለሚያዝንለት ዘመን ብዙ ይናገራል፤ ስለ እነዚህ ሰዎች ግን ያለቀሰ አላየንም። ድንበሩን ከወዲያ በኩል ሆኖ የሚያይ ሰው አንድ እንኳ ቢኖር ፊልሙ ሌላ ፊልም ይሆን ነበር። ሞስ ሜክሲኮ ውስጥ ደረጃ ላይ ወድቆ ሲነቃ የሚያገኛቸው ዘፋኞች አሉ፤ እነሱም ለሣቅ የገቡ ናቸው። እዚህ ላይ ዋካሊጋ ይሻላል፤ እዚያ የሚሞተው ሁሉ የሰፈር ልጅ ነው።

በሌላ በኩል ካርላ ጂን አለች፤ የሞስ ሚስት፣ ኬሊ ማክዶናልድ የተጫወተችው። እናቷን ቀብራ ስትመለስ ሺጉር ክፍሏ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃታል። ሳንቲሙን አውጥቶ ምረጪ ይላታል። አልመርጥም አለች። የሚወስነው ሳንቲሙ አይደለም፣ አንተ ራስህ ነህ ብላ መለሰችለት። ከዚያ እሱ ከቤቱ ወጥቶ የጫማውን ሶል ሲያይ ብቻ እናያለን። ከዚያ በላይ አልተነገረንም፤ አያስፈልግምም። የእኛን የተሳሳተ ትርጉም ይዘን ስናየው፣ በዚህ ፊልም ውስጥ ሽማግሌ የሚባል ካለ ይህች ልጅ ናት። ነፍሰ ገዳዩን ፊት ለፊት አይታ ነገሩን ወደ ባለቤቱ መለሰችው። አልሰማትም። ወዲያው ግን መንታ መንገድ ላይ መኪና ይገጨዋል፤ ክንዱ ተሰብሮ አጥንቱ ይወጣል። ብስክሌት ላይ ያሉ ሁለት ልጆች ሲደርሱ አንደኛው ሸሚዙን በነፃ ሊሰጠው አወለቀ። ሺጉር በግድ ገንዘብ ሰጠው። ልጆቹ ገና እሱ ሳይርቅ በገንዘቡ ተጣሉ። ይህንን ልብ ብላችሁ እዩት።

አሁን ለፕሮጀክታችን የቀረበውን ጥያቄ እንመልስ፦ ይህ ፊልም ቅዳሜ ለታዳጊዎች ይታይ ወይ? አይታይ ብለናል። ፊልሙ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውስጥ ሺጉር አንዱን ፖሊስ በካቴና አንቆ ይገድላል፤ ካሜራው አይሸሽም፣ የሟቹ ጫማ ወለሉን እየፋቀ ሲንፈራገጥ ሁሉንም ያሳያል። በዚያች ሰዓት ከኋላ የነበሩት አንዲት እናታችን ተነሥተው ወጡ። ሁለት ወጣቶችም ተከተሏቸው። ማንም ምን ሆናችሁ አላለም። እኛ መካከል እንዲህ ያለውን በፊልም ሳይሆን በዓይኑ ያየ አለ፤ ፕሮግራሙን ያዘጋጀነው ይህን ሳናስብ መሆኑ ጥፋታችን ነው፤ ይቅርታ ጠይቀናል። ለአዋቂዎች ግን ይታይ፤ ቀድሞ ይነገር፣ በሩ ክፍት ይሁን፣ የኮሪደሩ መብራት አይጥፋ። በሩ አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ሰው ይኑር፤ ሻይም ውጭ ይቅረብ።

እኚያ እናታችን ውጭ አግዳሚ ላይ ቆይተው መጨረሻው ላይ ተመልሰው ገብተው ነበር። ቤል ሥራውን ትቶ ቁርስ ላይ ለሚስቱ ሕልሙን የሚነግርበት ነው። በሌሊት፣ በብርድ፣ በተራራ መተላለፊያ ላይ በፈረስ ይሄዳል። የሞተው አባቱ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ፣ ምንም ሳይናገር አልፎት ይሄዳል፤ በቀንድ ውስጥ እሳት ይዟል። ከፊት ሄዶ በዚያ ሁሉ ጨለማ ውስጥ እሳት እንደሚያነድና እንደሚጠብቀው ቤል ያውቃል። ከዚያ ነቃሁ ይላል፣ ፊልሙም ያልቃል። ብዙዎቻችን ይህ ምን ማለት ነው እያልን ስንጠያየቅ እናታችን ተገረሙብን። «እሳት ጭሮ መሄድ አታውቁም እንዴ? እኛ ቤት እሳት ከጠፋ እናቴ በገል ላይ አመድ አድርጋ ከጎረቤት ታመጣ ነበር። በቀንድ ግን አላየሁም» አሉ። ቀንዱ እሳቱን እንዴት እንደሚችለው ሲያስቡ ቆይተው፣ ውስጡ አመድ ሳይኖርበት አይቀርም አሉን።